ወንድሜ ኪሎ ጨመረ

ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ወንድሜን ደጉን ዛሬም መዘንኩት። ጨምሯል። የጤ/ጣቢያው ሚዛን ከተበላሸ ወዲህ የምንመዝነው ሐጂ እድሪስ ሰሊጥ መጋዘን ነው። ሐጂ ቁጥሩን አይተው አጨበጨቡ። ማሻ አላህ፣ ልጁ ሥጋ ለበሰ አሉኝ። የቀን ሠራተኞቹም ደስ አላቸው። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሥጋ አይደለም፣ ደብተሬ። ውሃ ነው። ክንዱ ክር፣ ሆዱ ከበሮ። ቀኝ ጎኑን ስነካው ፊቱን ያጨማድዳል።

ጥቅ. 16

ሆዱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁ። ከትናንቱ ሰፍቷል። ዐይኑ ቢጫ። ሽንቱ የፈላ ሻይ መስሏል። ለደም ካንሰሩ ብለው ሕንድ አገር መቅኔዬን ወስደው ለእሱ የሰጡት ጊዜ የሆስፒታሉ ነርስ ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር፤ ድንገት ኪሎ ከጨመረ ጉበቱ ነው፣ እንዳትቆዩ። እኔም እኮ ነርስ ነኝ። ለሰው ልጅ ክፉ ወሬ ስነግር አፌ አይያዝም። ለእናቴ ግን አቃተኝ።

እማ ተስላለች። ልጄ ሥጋ ከለበሰ ለማርያም ጃንጥላ ብላ። ጃንጥላው ከራስጌዋ ተሰቅሏል። ለ21 ደጉ ራሱ ይዞት እንዲገባ ትፈልጋለች።

ጥቅ. 17፣ ከሰዓት

ጎንደር የሚከታተለው ሐኪም ጋ ደወልኩ። ዛሬውኑ አምጪው አለ። ለደጉ ነገርኩት። ለካ ያውቃል! ቀበቶው ቀድሞ ነግሮታል። እስከ ማርያም ተይኝ፣ እማን አታስደንግጪያት ብሎ እጄን ያዘ። ጮህኩበት። ከዚያ እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ጎረቤታችን ደግሞ የወፍ በሽታ ነው ብላ ሥር ጨምቃ አመጣች። የቀረችውን ጉበቱን ልትጨርስለት። ደፋሁት። ተቀየመችኝ። ትቀየም።

ጥቅ. 18

ጨው ከለከልኩ። እግሩን በትራስ ከፍ አደረግሁ። ሲያሳክከው ገላውን በእርጥብ ፎጣ አበስኩ። ሌላ ምን አለኝ? ጤ/ጣቢያችን ያለው ግሉኮስና ፓራሲታሞል ነው፤ ሁለቱም ለእሱ አይሆኑም። እማ ጓዳ ሆና ታንጎራጉራለች። ደስታዋን መስማት አስጠላኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅ. 19፣ ማለዳ

ደጉ እኔን እማ ብሎ ጠራኝ። ቀኑን ጠየቅሁት፣ አላወቀውም። እያናገርኩት እንቅልፍ ይጥለዋል። በቃ! ማርያም ትታገሣለች፣ ጉበቱ ግን አይታገሥም። ሐጂ ጋ ሮጥኩ። ሰሊጡን አራግፈው ፒክአፑን ሰጡን። አሁን በር ላይ ቆሟል።

እማ ጎንደር የምንሄደው ውፍረቱን ለሐኪሙ ልናሳይ መስሏታል። አዲሱን ሱሪ እያለበሰችው ነው። ቁልፉ አልገጥም አላት። ትስቃለች። ኧረ ይሄ ልጅ፣ ሱሪም አይበቃው እያለች ትስቃለች።

ሳንወጣ እነግራታለሁ። አሁኑኑ። ገብቼ እጇን ይዤ፣ ሥጋ አይደለም እማ፣ ውሃ ነው እላታለሁ።