አባቴ ቤቱን ያፈረሰበት ቀን

ጥር 9 ቀን 1979፣ እንጭኒ አጠገብ

ዛሬ መንደራችንን አፈረስን። በመንደር ምስረታው ሁላችንም ሜዳው ላይ ወደተቀየሰው አዲስ ቦታ እንድንዛወር ታዘናል። እዚያ ውሃው ሩቅ ነው።

ጠዋት አባቴ አያቴ የቆፈረውን ምንጭ፣ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁበትን የኦዳ ዛፍ፣ ጎረቤቶች ተረዳድተው የሠሩትን የጸሎት ቤት እየዞረ ተሰናበተ። የእናቴ መቃብር ዘንድ ሲደርስ ግን ቁጭ አለ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። «ኦቦ ቶለሳ፣ ቤቱን እርስዎ ካላፈረሱት ሌሎች መጥተው ያፈርሱታል» አለው።

«እሷንስ የት ታደርጓታላችሁ?» አለ አባቴ።

ሰውየው አብሮ አደጋችን ነው። አቀርቅሮ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

አባቴ ተነስቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። የክዳኑን ሣር እየነቀለ ሲጥል እኔ ከታች እሰበስብ ነበር። እንኳን ላጽናናው፣ ቀና ብዬ ፊቱን ማየትም አቃተኝ።