በአሳማ ጋጣ ምስማር ላይ ስለተሰቀለው የእህቴ ማዳመጫ

ለክቡር ፖኡቶአ
የፋጋሉሉ መንደር ሹምና የአለቆች ጉባኤ ሰብሳቢ
ሳቫይ ደሴት፣ ሳሞአ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጅ ልጆችዎና ለአሳማዎችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሮዎ፣ ምክንያቱም የጆሮን ጸጋ በዚህ ሰሞን ከማንም በላይ የተማረ ቤት ቢኖር የእኔ ቤት ነው። ደብዳቤውን በእጅዎ ማስረከብ ሲገባኝ በመንደሩ ሱቅ ግድግዳ ላይ ስለለጠፍኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር "ተኝተዋል" ስለምባል፣ የመንደራችን ሸክም ያደከመዎትን ሰው ከምቀሰቅስ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ቆም ብለው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ነው። ሌላው ሰውም አብሮዎት ቢያነብ አይከፋኝም።

አንደኛ፤ ስለ ቅጣቱ ላመስግን። ጥፋተኛ ነኝ። የማታው የጸሎት ዛጎል ሲነፋ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ መቀመጥ እንዳለበት፣ መንገድ ላይ የተገኘም እንደሚቀጣ ከልጅነቴ የማውቀው ሕግ ነው። ዳሩ ግን የዚያን ቀን ማታ ከጎደሬ ማሳዬ ስመለስ የእህቴን ትልቁን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የራግቢ ጨዋታ እከታተል ነበር፤ የስልኬ ሬድዮ የማዳመጫው ሽቦ ካልተሰካበት ትንፍሽ አይልም፣ ማዳመጫው ደግሞ ከጥሩነቱ የተነሣ አጠገቤ ዛፍ ቢወድቅ አያሰማኝም። ስለዚህ ዛጎሉ ሲነፋ አልሰማሁም። መንደሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ አንገቱን ሲደፋ አላየሁም። ክቡርነትዎ ግድግዳ በሌለው ሰፊ ቤትዎ ቤተሰብዎን ሰብስበው "አባታችን ሆይ" በሚሉበት ሰዓት፣ እኔ በደጅዎ ፊት "ሩጥ! ሩጥ እንጂ አንተ ሬሳ! ምን ይገትርሃል!" እያልኩ አለፍኩ። የልጅ ልጆችዎ ከጸሎቱ ብድግ ብለው መሮጣቸውን በኋላ ሰማሁ። ታዛዥ ልጆች ናቸው፤ ያሳደጋቸው ይባረክ።

የጥበቃው አለቃ ማሌኮ በትሩን ይዞ ፊቴ ቆሞ ብዙ እንደተናገረ አምናለሁ። እኔ ግን የሚንቀሳቀስ አፉን ብቻ ስላየሁ ውጤቱን የጠየቀኝ መስሎኝ "እየተሸነፍን ነው ወንድሜ፣ ተወኝ!" አልኩት። በመጨረሻ ማዳመጫውን ካንዱ ጆሮዬ ላይ አንሥቶ "ጋሼ ፔሌናቶ፣ አብደዋል እንዴ? ሰው እየጸለየ እኮ ነው!" ሲለኝ፣ "እኔስ ምን እያደረግኩ መሰለህ? በዚህ ውጤት ከጸሎት ሌላ ምን ቀረን?" ብዬ መለስኩለት፤ ይህችም ቃል በጉባኤው ፊት እንደ ሁለተኛ ጥፋት ተቆጠረችብኝ። ሁለት ካርቶን የታሸገ ዓሣ ተፈረደብኝ፤ ሳልውል ሳላድር አመጣሁ። ጉባኤው ዓሣውን እዚያው ከፍቶ፣ ከጎደሬ ጋር በልቶ፣ ጣቱን እየላሰ ፋይሉን ዘጋ። ፍትሕ በመንደራችን እንዲህ በፍጥነት ሲወርድ፣ ለዚያውም በጉሮሮ ሲወርድ፣ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ሁለተኛ፤ ማዳመጫው በመያዣነት ተወሰደ፤ "ቅጣቱ ሲከፈል ይመለሳል" አሉ ክቡርነትዎ በገዛ አንደበትዎ። ቅጣቱ ተከፈለ፣ ተበላ፣ ተፈጨ፤ ማዳመጫው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ምናልባት የአንድ ቀልደኛ ሽማግሌ መጫወቻ መስሎዎት ይሆናል። የእኔ አይደለም። ታላቅ እህቴ እትዬ ሜሪፓ ግራ ጆሯቸው በልጅነታቸው መግል ይዞ እንደሞተ፣ ቀኙም ጥቂት ብቻ እንደቀረው ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ በልጅነታችን አብረን ስንዋኝ እርስዎ ራስዎ "ደንቆሮ" እያሉ ይጠሯቸው ነበርና። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው አንድ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ያለው ላፋኤሌ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉት እንደ ሩቅ ንብ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰሙት።

ስለዚህ መርከብ ተሳፍሬ ዋና ከተማችን አፒያ ወረድኩ። ሚስቴን የመረጥኳት በአንድ ማታ ጭፈራ ነው፤ ይህን ማዳመጫ ለመምረጥ ግን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሚስቴም ይህን ሰምታ ይቅር አላለችኝም። ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚወተፈው ትንሹ ዓይነት እህቴን ያማቸዋል። ሻጯ ልጅ "አባባ፣ ይሄኛውን ይውሰዱ፣ ያምራል፣ መብራትም አለው" አለችኝ። "ልጄ፣ እህቴ በጆሯቸው ዓሣ አያጠምዱም፣ መብራቱ ምን ያደርግላቸዋል?" አልኳት። ሌላው ከበሮውን ደረት ድረስ ያስደልቃል፤ እህቴ የሚፈልጉት ግን የሰው ቃል እንጂ ከበሮ አይደለም። ልጅቷን ሱቁ ጥግ አቁሜ በስልክ በሹክሹክታ የቤተሰቧን ስም እንድትዘረዝርልኝ ለመንኳት፤ አንድ በአንድ እየቀያየርኩ ሰማሁ፤ የአያቷን ስም ከነመጨረሻዋ ፊደል ያሰማኝን፣ ትራሱ ለስላሳ ሆኖ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚያቅፈውን፣ ሽቦው ሲፈለግ የሚነቀለውን ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ሜሪፓ ከአሮጌ የትራስ ልብስ ስስ ሽፋን ሰፉለት፤ በየሳምንቱ ያጥቡታል። ፀጉራቸውን ሳይታጠቡ፣ ቅባት ተቀብተው አያደርጉትም። እንዲያውም ያን ቀን ሲያውሱኝ "ውሰድ፣ ግን ላብህን እንዳታስነካው፣ አንተ ቆሻሻ!" ብለውኛል። ደህና ኑሮ ነበራቸው፣ ማዳመጫውና እሳቸው።

ሦስተኛ፤ አሁን የምጽፈውን ምግብ ላይ ያለ አንባቢ ቢዘለው እመክራለሁ። ባለፈው ሰሞን በግቢዎ አጥር ሳልፍ ማሌኮ የክቡርነትዎን ሣር በማጨጃ ሞተር ሲያጭድ አየሁት። ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ሽርጡ ወርዷል፤ ራሱ ላይ የእህቴ ማዳመጫ ተደፍቷል! ከሞተሩ ጩኸት ጆሮውን ሊጋርድ። ሽፋኑ የለም። ትራሱ ላቡንና የፀጉሩን የኮኮናት ቅባት ጠጥቶ፣ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ አብጦ፣ በጠርዙ ቢጫ ነገር ያንጠባጥባል። ላዩ ላይ የሣር ጭማቂ፣ ሞተሩ ያፈናጠረው የዶሮ ኩስ፣ አንዲት ግማሽ አካሏ ብቻ የቀረ ትል ተለጥፈዋል። ሽቦውን በዓይኔ ፈለግኩት፤ የጎደሬ ቅርጫት ታስሮበታል። ሞተሩን ሲያጠፋ "ማሌኮ፣ ምን እየሰማህ ነው?" አልኩት። ነውር ያልገባው ልጅ ፊቱ እየበራ "ምንም! ምንም አይሰማም እኮ ጋሼ፣ ለዛ ነው የወደድኩት! ሹሙ ናቸው ያዋሱኝ" አለኝ። ከዚያም ሄዶ በአሳማ ጋጣዎ ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ገና እዚያው ቆሜ ሳለ አንዲት የአሳማ ግልገል በሁለት እግሯ ተነሥታ፣ የእህቴ ጆሮ የሚያርፍበትን ቦታ አጣጥማ ላሰችው። ቤቴ ደርሼ እራቴን ሳልቀምስ ተኛሁ፤ ምክንያቱን ለእህቴ አልነገርኳቸውም። የመንደሩን ንብረት ለሥራ ማዋል ብልህነት ነው፤ የሌላውን ንብረት ለሥራ ማዋል ግን የበለጠ ብልህነት መሆኑን ከክቡርነትዎ ተምሬያለሁ፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ይህን ያለ ቀልድ ልጻፈው፤ ቀልዱ እምቢ ብሎኛል። ማዳመጫው ከተወሰደ በኋላ ላፋኤሌ ሲደውል እህቴ እንደ ድሮው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ድምፁ ሲቆም "እሺ ልጄ" ይላሉ፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሳቀ መስሏቸው አብረው ይስቃሉ። አንድ ቅዳሜ ድምፁ ብዙ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸውም እስኪያስላቸው ሳቁ። በማግስቱ ልጁ ለእኔ ደወለ። "አጎቴ፣ እማዬን ምን ነካት? ጓደኛዬ ሥራ ላይ ብረት ወድቆበት እንደሞተ፣ እጄ ላይ እንደሞተ እየነገርኳት ሳቀችብኝ እኮ" አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ፤ "እሺ" አለኝ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አልደወለም። እህቴ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪመሽ ጠበቁ። "ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳቸው፤ እሳቸውም ከንፈሬን አይተው "አንተ ስትዋሽ እኮ አፍህ ይጣመማል" አሉኝ።

አምስተኛ፤ ይህን ሁሉ ለጉባኤው ሳመለክት የተሰጠኝን ጥበብ የተሞላ መልስ ላስታውስ። አንዱ አለቃ "ታዲያ ልጁ ጮክ ብሎ አይናገርም?" አሉ። ሌላው "ከኦክላንድ እዚህ ድረስ ጮክ ቢል ማዳመጫ ምን ያደርጋል!" ብለው ሳቁ። ክቡርነትዎም ከሳቁ በኋላ ጉባኤውን ዘጉ። እነዚህ ናቸው በየሠርጉ ተነሥተው "እህት የወንድሟ የዓይን ብሌን ናት" እያሉ በማር የተለወሰ ንግግር የሚያደርጉልን፤ ንግግሩን ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ ከተናጋሪዎቹ በቀር።

እንግዲህ የጉባኤውን ምክር ፈጸምን። የፓስተሩ ባለቤት፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ የመዘምራኑን ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች በአዳራሹ አስተከሉልን፤ ላፋኤሌንም ለምኜ እንዲደውል አደረግኩ፤ ስልኩ ከማጉያው ጋር ተያያዘ። እትዬ ሜሪፓ ቀኝ ጆሯቸውን ማጉያው ላይ አስጠግተው ተቀመጡ። በመንደሩ ያለ ፍጡር ሁሉ ሰማ። ክቡርነትዎም የአሳማ ምግብ ባልዲ እንደያዙ መንገድ ላይ ቆመው ሲሰሙ አይቻለሁ።

"እማዬ፣ ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል ልጄ። ግን አዳራሽ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ይሰማሃል።"

"ይስማ። ለምን ሳቅሽብኝ?"

"አልሰማሁህም ልጄ። አፈር ልብላልህ፣ አልሰማሁህም። አሁን ንገረኝ።"

ነገራቸው። ሟቹን ከነስሙ፣ ከነአነጋገሩ ነገራቸው። እሳቸውም አለቀሱ፤ አዳራሹም አለቀሰ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሐዘናቸውን በጓዳቸው የያዙ ሴት ከልጃቸው ጋር የሚያለቅሱትን ለቅሶ ድንች በሚልጡ ጎረቤቶችና በሚያላግጡ ጎረምሶች ፊት አለቀሱ፤ ይህንንም ክቡርነትዎ በነፃ ስላዘጋጁልን የምስጋና ቃል አጥቼ እቸገራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ አጸየፈኝ። የግልገሏ ምላስ እንኳ ይህን ያህል አላጸየፈኝም።

ላፋኤሌ ግን ልቡ ቀለል ሲለው እንደ ልማዱ "በይ እንግዲህ እንባሽን ጥረጊ፣ የሚያስቅ ልንገርሽ" አለ። "የሹሙን ልጅ ፔኒያሚናን የት እንዳገኘሁት ብነግርሽ አታምኚኝም!" በየእሑዱ ከክቡርነትዎ አንደበት እንደምንሰማው የፓስተርነት ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ልጅዎ ነው። እዚህ ላይ መብራቱ ጠፋ። በሌላው ቤት ሁሉ መብራት ነበር፤ የአዳራሹ ብቻ ነው የጠፋው። ማብሪያው አጠገብ እጁ በሣር ጭማቂ የጨቀየ ሰው ታይቷል የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምናቸውም፤ ሰው ክፉ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ማዳመጫው ከነሽቦው ይመለስ። ትራሱን እህቴ ፈተው በአዲስ ይሰፉታል፤ ማሌኮም እንዳይከፋው ለጆሮው ጥጥ እኔ እገዛለታለሁ።

ክቡርነትዎን ዕድሜና ግርማ ይጨምርልዎ፤ ግቢዎ ዘወትር የታጨደ፣ አሳማዎችዎ ዘወትር የወፈሩ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ ይሁን እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣ ዓሣውን ያበላሁዎ፣

ፔሌናቶ
የሜሪፓ ወንድም

ተጨማሪ፦ ላፋኤሌ የፊታችን ቅዳሜ ይደውላል፤ ወሬውን ካቋረጠበት እንደሚቀጥል ነግሮኛል። ልጅዎን የት እንዳገኘው አስቀድሜ ልሰማ ብለምነው "እማዬ ሳትሰማ ላንተ አልነግርም፣ አንተ ወሬኛ!" ብሎ ዘጋብኝ። የፓስተሩ ባለቤት ጄኔሬተር አግኝተዋል፤ ከጎረቤት መንደር የመጡ ሴቶችም አግዳሚ ወንበር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ማዳመጫው ከቅዳሜ በፊት ከተመለሰ ወሬው አንዲት ደካማ ጆሮ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ እህቴ ምስጢር መጠበቅ ያውቃሉ።

እኔ ግን አላውቅም፤ አግዳሚዎቹን መጥረግ ጀምሬያለሁ።