ንዳዱ ቢለቀው ኖሮ

ወረታ፣ ዐርብ ኅዳር ፭

ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ተማሪዬ ጌታነህ ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ልጁን ወባ ነው የገደለው። ሩዙ ሳይታጨድ አልተኛም ብሎ ትኩሳቱን ደብቆ ሰንብቷል።

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ "ታላቁ እስክንድር ባቢሎን ላይ በንዳድ ባይሞት ኖሮስ?" ብዬ ስጠይቅ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። "ንዳዱ ቢለቀው ኖሮ ወደ ምዕራብ ዞሮ ካርቴጅን ይይዝ ነበር፤ ሮምም ገና ሳትጠነክር ትገብርለት ነበር" አለ። ክፍሉ አጨበጨበለት። እኔም ኮራሁበት።

እናቱ እማማ ጥሩዬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"መምህር፣ የዚያን ንጉሥ ነገር እቤት ሲገባ ያወራልኝ ነበር። እስቲ የልጄንም ይንገሩኝ። ንዳዱ ቢለቀው ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?"

ቄሱ ቶሎ ብለው "ተይ ልጄ፣ ለቅሶ ላይ እንዲህ ቢሆን ኖሮ አይባልም። ፈጣሪን መሞገት ነው" ሲሉ ገሠጿቸው። እማማ ጥሩዬ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም።

ለእስክንድር ስንት አገር ሰጥቼዋለሁ! ለጌታነህ ከሩዝ ማሳው ወዲያ አልታየኝም።

"ዛሬ ሩዙን ሲያጭድ ይውል ነበር" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"ከዚያስ?"

"ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።"

"ከዚያስ?"

ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

"እራቴን ይልዎት ነበር።"

እማማ ጥሩዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ፤ ሊያቀርቡለት። ሴቶቹ ይዘው አስቀመጧቸው።