ጆንያ ላይ የተፈታ ሞተር

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3፣ ማታ
የሞተር ሳይክሌን ካቴና ዘይት ቀባሁ። ካንዴላውን ፈትቼ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ። አሁንም ይጨሳል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፤ ትናንት ለሥራ ከሄድኩበት ከቀየት ስመለስ ወርጄ ገፋሁት። ፋሻው አልቋል ማለት ነው፣ ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀለበት። ሞተሩን የሸጠልኝ የደብረ ብርሃኑ ነጋዴ ጋራዥም አለው። ባለፈው ወስጄለት ያስከፈለኝ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሁለተኛ እጁ ላይ አልወድቅም ብዬ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ራሴ እሠራዋለሁ። ኮሌጅ እያለሁ የውሃ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜ የለ?

ሚስቴ አስካለ ሆዷን ይዛ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ለገና እናቷ ዘንድ ራቤል ትሄዳለች፣ የመጀመሪያ ልጅ ነውና እዚያ ልትወልድ። ቀኑ ሳይደርስ ምጥ ቢመጣብኝስ አለች። ሞተር እያለ ምን ያስፈራሻል አልኳት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ፈታሁት! ቴስታታ፣ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ሁሉም ከቤት ጀርባ ጆንያ ላይ ተደርድሯል። በግ የታረደ ይመስላል። አዲሱ ፋሻ ልክክ አለ።

ከዚያ አንዱን ቡሎን አጠብቃለሁ ብዬ ቀነጠስኩት። ግማሹ ውስጥ ቀረ። አስካለ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ስደደው አለችኝ። ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ አውቃለሁ። ያ ነጋዴ ሲስቅ ታየኝ።

ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሰሞኑን ለልማት ሥራ በእግሬ የምዞረው ለጤናዬ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11
ተነሣ! የተቆረጠውን ቡሎን በመሮ አወጣሁት፤ ጓርኒሲዮኑን፣ በብረቶቹ መሐል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ከካርቶን ቀድጄ ሠራሁ። በሁለተኛው ምት ተነሣ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ የሞተሩን ጥሩንባ እየነፋሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እጄን አነሣሁላቸው፤ አዎ፣ አነሣሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ቷ! ብሎ ዘይት ጭኔ ላይ ረጨ። በዚያው በወፍጮ ቤቱ ፊት እየገፋሁ ተመለስኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13
እንደገና ፈታሁት። አስካለ ወገቧን ያማታል። ብርድ ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16፣ መሐል ሜዳ፣ ጤ/ጣቢያ
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እጄ ገና ግሪስ ነው፤ በአመድም አልለቀቀ።

ሰኞ ጧት ምጥ ያዛት። ከወር በፊት! የጭነት መኪናው በሌሊት አልፏል። አስካለ ግድግዳ ይዛ ወጣችና ጆንያው ላይ የተበተነውን አየች። ወደ ቤት ተመልሳ ነጠላዋን ለበሰች።

ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሮጥኩ። የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እድሩ ግባ፣ ቃሬዛ በየተራ እንሸከማለን ሲሉኝ፣ እኔ ሞተር አለኝ፣ ጊዜም የለኝም እያልኩ የመለስኳቸው ሰው። በየስብሰባው ስለ መደጋገፍ የማስተምር የልማት ሠራተኛ! አውድማ ላይ ነበሩ። ንግግሬን ሳልጨርስ መንሻቸውን ጥለው የእድሩን ጥሩንባ አስነፉ።

መጡ። ገብስ ከነበሬው ትተው መጡ። አስካለን በቃሬዛ አነሡ። እኔም አንዱን ጫፍ ልይዝ ስል እሸቴ የሚባለው ገበሬ፣ «ተወው፣ እርምጃውን አታውቀውም፤ ታናውጣታለህ። ብርድ ልብሱን ያዝ» አለኝ። በቁጣ አይደለም። ብርድ ልብስ ታቅፌ እስከ መሐል ሜዳ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። አራት ሲደክማቸው አራት ይገባሉ። እኔን ማንም ግባ አላለኝም።

ሴት ልጅ። ትንሽ ናት፣ ግን ትጮኻለች። አስካለ ብዙ ደም ፈሷታል። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለች ነርሷ፤ ቀሪውን ዋጠችው።

ማታ አስካለ ዓይኗን ገልጣ፣ «ላባቸው ፊቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር» አለች። «ስማቸውን ንገረኝ። ሳመሰግን በስማቸው ላመስግን።»

ጋሽ ደምሴ አልኩ። እሸቴ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። የሁሉንም ስም በማዳበሪያ መዝገብ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። የትኛው ስም የትኛው ፊት እንደሆነ አላውቅም። ጠበቀችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18
ቤት ገባን። ለሰዎቹ ለገና የሚያርዱት አንድ ሙክት ነድቼ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ከደጅ መለሱኝ። «ለአራስህ እረድ። እኛ ሸክም አንሸጥም።» ሙክቱን እየጎተትኩ በመንደሩ መሐል ተመለስኩ። እሸቴ እኛን ይዞ ሲሄድ አውድማው ላይ ከብት ገብቶበት ገብሱን እንዳበላሸው የሰማሁት እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ከሌላ ሰው። እሱ አልነገረኝም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል
ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። ይቅርታ የምልበትን ንግግር ሌሊቱን ሳሰናዳ አድሬ ነበር። ቆምኩ። ሁሉም አዩኝ። ያሰናዳሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። እንደ ተማሪ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው ያወጡኝ። «ተቀመጥ ልጄ። ቃሬዛ የሚሸከመው ትከሻ ነው፤ አፍ አይደለም።» እሸቴ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ ማንንም ማየት አቃተኝ። ቀስ ብዬ የሰዎቹን ስም ጠየቅሁት። በጣቱ ሳይጠቁም፣ በጆሮዬ፣ ከዳር ጀምሮ ነገረኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22፣ ማታ
ቀኑን የዋልኩት እሸቴ አውድማ ላይ ነው። ከብት የረገጠውን ገብስ ከአፈር መለየት። መንሽ አያያዝ ሁለቴ አስተካከለኝ። መዳፌ ተላጧል።

ማታ አስካለ ስለ ሞተሩ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ከነጆንያው ለነጋዴው እልከዋለሁ፣ ሲስቅም ይሳቅ አልኳት። ልጅቷን አቀበለችኝ። እጄን አየሁ፤ ጥፍሬ ሥር አሁንም ጥቁር ነው። ያዛት፣ አትፍራ አለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24፣ ጧት
ውርጭ። ልጅቷ ጡት ጠብታ ተኝታለች። አስካለም። ለወረዳው የምልከውን ሪፖርት ጀምሬ ነበር፤ የእድሩን ጥሩንባ የሰማሁ መሰለኝ። ከወንዙ ማዶ። አዎ ነው፣ ደገመው። የቃሬዛ እንጨት ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው በደጄ አለፈ። እኔም ልድረስ። ጫማዬን የት…