«ኢንኮምፓራብሊ» ስለተሻሻለው መንገዳችን

ለተከበሩ የወረዳችን የመሠረተ ልማት ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ቀራንዮ የምኖር ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህር ስሆን፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ባሰቀሉት ባነር መንገዳችን «ኢንኮምፓራብሊ» መሻሻሉን አንብበው ግራ ለተጋቡ ጎረቤቶቼ ቃሉን የማስረዳቱ ሥራ እኔ ላይ ወድቋል።

፩. ቃሉ «ወደር በሌለው ሁኔታ» ማለት ነው። ከ«በጣም» ይበልጣል፤ በጣም የተባለ ነገር መሰል አያጣም፣ ይህኛው ግን አጠገቡ የሚቆም የለውም። ለምሳሌ ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ ሳይደፈን ክረምት የገባበት ቦያችን ኢንኮምፓራብሊ ጥልቅ ነው። ቧንቧው አልመጣም። ባነሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የሌላ ሰፈር መንገድ ቢሆንም፣ መልካም መንገድ ስላሳዩን እናመሰግናለን።

፪. ባለቤቴ ኤቢሴ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ትመላለሳለች። አምቡላንስ ቦዩን መሻገር ስለማይችል፣ እድራችን አስከሬን የሚሸከምበትን ቃሬዛ ፈቅዶልን ጎረቤቶች በጣውላ አሻግረው አስፋልት ያደርሷታል። መጀመሪያ ቀን ቃሬዛው ሲወጣ ያዩት ወይዘሮ ዋጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ፤ ኤቢሴም ከተኛችበት ቀና ብላ ገና መሆኗን ነገረቻቸው። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሬዛው ላይ ስትተኛ ፊቷን ትሸፍናለች።

፫. ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቻለሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፀሎት ኢንኮምፓራብሊ ጨዋ ናት፤ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት ታፍራለች።

ባለፈው ሳምንት ጣውላው በዝናብ አዳልጦ፣ ኤቢሴን ላለመጣል ሲል ጎረቤታችን ባጫ ቦዩ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እሷም ለእኔ ሲባል ሰው አይሰበርም ብላ ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣችም። ብለምናትም፣ ብቆጣትም እምቢ አለች። ሐኪሟ ምን እንደሚከተል በስልክ ነግሮኛል፤ ፈርቻለሁ፣ አቅመ ቢስ ሆኛለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቦዩን ይድፈኑልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ያን ተስፋ ትቼዋለሁ። ባነሩን ብቻ ያውርዱልን። ከመስኮታችን ይታያል፣ እሷም ማንበብ ትችላለች።

ለሥራዎ ካለኝ፣ ሥራውን ባላየውም ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
የሪፖርቶችዎ ታማኝ አንባቢ
ጉተማ፣ ከቀራንዮ

ማሳሰቢያ፦ ስለ ባለቤቴ ቀጣይ ጉዞ እንዳይጨነቁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቦዩ ወዲህ ነው።