ዋና ወሽመጥ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን

ውድ ልጄ፣

ረቡዕ ጠዋት ሲሚንቶ የጫነች መርከብ በወደባችን ምዕራባዊ ወሽመጥ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ሰው አልተጎዳም። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ይለኛል። አንቺስ? ለሁለቱ ደብዳቤዎቼ መልስ አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤቱ ይሆናል።

ወደቡን ታስታውሺዋለሽ። ሁለት የድንጋይ ክንዶች ባሕሩን አቅፈውታል። በጠባቡ በር ሲገቡ በስተምሥራቅ፣ ገደሉ ሥር፣ ጥልቁ ወሽመጥ አለ፤ በስተምዕራብ ደግሞ ውኃው ከደረት የማያልፈው። መርከቧን ወደ ወደቡ ያስገባት መርከብ መሪ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በያዘው ካርታ ላይ የጥልቀቱ ቁጥር መታጠፊያው ላይ ተፍቆ ጠፍቷል፤ የቀረው እኔ የጻፍኩት ስም ነው፦ «ዋና ወሽመጥ»። ዋነኛው መስሎት ገባ።

አለቃዬ መርከብ መሪውን አስከትሎ ካርታ ክፍል ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቃል ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

«ይላላል። የሚዋኙበት ለማለት ነው።»

«ታዲያ መርከቧ መዋኘት አማራት?» አለ የጎታች ጀልባው ካፒቴን በሩ ላይ ቆሞ። ማንም አልሳቀም።

«እኔ ያነበብኩት ፊደል ነው» አለ መርከብ መሪው። «ፊደሉ ደግሞ አይጠብቅ፣ አይላላ።»

እውነቱን ነው። ወሽመጥ ሰይሜ ወሽመጤ ተቆረጠ።

ዓሣ አጥማጆቹ ተጠየቁ። ቦታውን «ድስት» ነው የሚሉት፤ ሌላ ስም አያውቁም። የስም መዝገቡ ግን በእኔው እጅ ጽሑፍ «ከዓሣ አጥማጆች የተሰማ» ይላል። የዛሬዎቹ ረስተውት ይሆናል ተባለ። ዝም አልኩ።

ያኔ ሰባት ዓመትሽ ነበር። እሑድ ዕለት እዚያ ከእጄ አፈትልከሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻሽን ዋኘሽ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ስሙን መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

ዝምታዬን ከቀጠልኩ ስሙ የአገሬው ነው ይባላል፤ መርከብ መሪው ሳይጠይቅ በመግባቱ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሁለት ሕፃናት አባት ነው። ካመንኩ፣ ጡረታዬ አራት ወር ሲቀረው ሐሰት መዝግበሃል ተብዬ እሰናበታለሁ፤ ስሙም ከካርታው ይፋቃል። መሰናበቱን እችለዋለሁ።

ደክሞኛል፤ የጻፍኩትን ሳላነብ ነው የማሽገው። በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

አጣሪ ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሰበሰባል። መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

አባትሽ