ሙሾ የሆነው ዘፈንሽ

ውድ ምስጢር፣

ከሞትሽ ወዲህ ሰው ሁሉ ግጥምሽን ያውቃል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ምን እንደሚሰማኝ ራሴም አላውቅም። ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ የጀመረው አምባ ጊዮርጊስ፣ በቀብርሽ ዕለት ነው። አስለቃሿ እትዬ ዓይናዲስ ከድንኳኑ ጀርባ ጠሩኝ።

«ና እስቲ የኔ ጌታ። እኅትህ ሥራዋ ምን ነበር? እኔ ባዶ አፌን አላለቅስም።»

«ዘፋኝ ነበረች።»

«ዘፋኝማ ጎንደር ሞልቷል! ምን ብላ ነበር የምትዘፍን?»

ፐንክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ እንዴት ላስረዳቸው? አዘዞ በተከራያችሁት መጋዘን ውስጥ ሶሊያና ድራሟን ስትደበድብ፣ አንቺ የአንገትሽ ሥር እስኪገተር ስትጮሂ፣ ያን በምን ቃል ልንገራቸው? አንዷን ስንኝ ብቻ ነገርኳቸው፦ «ዝም በይ አትበሉኝ፤ ዝም አልልም!» ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ትንሽ ቆይተው መሐል ገብተው ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አሉ፦

ዝም በይ ሲሏት ዝም አልልም ያለች፣
ዛሬ ማን መክሯት ዝም ብላ ተኛች?

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ስትዘፍኚ በሩን ዘግቶ ይወጣ የነበረው አባባ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እኔም ዕንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ሰው በስልኩ ቀርጾት ኖሮ አሁን የማያውቅሽ ሁሉ ይቀባበለዋል። በቀደም ቀሐ ሰፈር ለሞቱ አንድ ሽማግሌ ሳይቀር አለቀሱበት። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ቃል የማይወጣቸው ዝምተኛ ነበሩ አሉ። አንቺ ብትሰሚ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ሶሊያና ግን አልሳቀችም። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እሷ ዝም አልልም አለች፤ እናንተ ዝም አሰኛችኋት! እኔ ድራም የምመታው ለቀብር ነው እንዴ?»

«ሰው የሚያስታውሳት እኮ በዚህ ነው።»

«የሚያስታውሱት ሬሳዋን ነው። የራሷን ዘፈን ቅጂ ላክልኝ፣ ዩቲዩብ ላይ እንጫነው።»

ዘፈኑ ሙሉውን ያለው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው። አባባ ደግሞ ጥያቄዋን ሲሰማ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያንን ጩኸት አጥፋው ልጄ። እትዬ ዓይናዲስ ሸጋ አድርገው አስቀምጠዋታል። ሰው ሰምቶ እንዳይስቅባት።»

ዛሬ ከምሳ በኋላ ከፈትኩት። አላለቀስኩም። ትንፋሽ ሲያጥርሽ ይሰማል፤ አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ይጠፋሽና ትስቂያለሽ። ሙሾው ውስጥ ሳቅሽ የለም። ግን ያስለቀሰኝ ሙሾው ነው። የትኛው ነው የአንቺ?

አባባ መግባቱን አላየሁም ነበር።

«ቀንሰው» አለኝ። ቀነስኩት። ቆሞ አዳመጠ።

«ምን ሆና ነው የሳቀች?»

«ቃሉ ጠፍቷት።»

አጥፋው ሳይል፣ ተወው ሳይል ወጣ።

ለሶሊያና ላክሁላት። አባባ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት እኔው እነግረዋለሁ። ይቆጣኝ ይሆናል፤ ወይም ያቺን የሳቅሽባትን ቦታ መልሼ እንድከፍትለት ይጠይቀኝ ይሆናል። ልክ መሥራቴን አሁንም አላውቅም። ሰው ቢስቅብሽ ግን ቀድመሽ የሳቅሽው አንቺው ነሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ዳኛው